የወጣቶች ደራሲ ሄንቲና የካርቱም መጻሕፍቱ

ከሕፃንነት የወጣ፣ ነገር ግን ከጎልማሶች ወገን ገና ያልተቈጠረ ልጅ ምን ያንብብ? የሕፃናቱ ተረት አንሶታል፤ የጎልማሶቹ መጽሐፍ ደግሞ ይከብደዋል። ይህ ጥያቄ በእንግሊዝ አገር ቀደም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ሣራ ትሪመር የተባለች ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1802 በምታዘጋጀው መጽሔት ላይ አንባቢዎችን በዕድሜ ለይታ፣ እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሕፃናት፣ ከ14 እስከ 21 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ብላ ከፈለቻቸው፤ ለሁለቱም አንድ ዐይነት መጽሐፍ እንደማይስማማ አስገነዘበች። ክፍፍሉ በጽሑፍ ይስፈር እንጂ፣ አንድ ሰው ከመጽሐፍ መደብር ገብቶ ገና ከሽፋኑ ይህ የወጣቶች መጽሐፍ ነው ብሎ ሊለየው እስኪችል ድረስ ብዙ ዓመታት ዐለፉ። ያን ዐይነት መጽሐፍ በገበያና በትምህርት ቤት ውስጥ ለይተው ካሳወቁት ደራስያን መካከል ከፍተኛውን ስፍራ ከያዙት አንዱ ጆርጅ አልፍሬድ ሄንቲ ነው።

ሄንቲ ለኢትዮጵያ ታሪክ እንግዳ አይደለም። የመቅደላን ዘመቻ ከጦሩ ጋር ተጉዞ በዐይኑ አይቶ ጽፎአል። ለወጣቶች ከጻፋቸው መጻሕፍት ሁለቱ ደግሞ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ዙሪያ የተደረገውን ጦርነት የሚተርኩ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ግን የጻፈው ጦርነቱ በተካሄደበት ስፍራ ሳይገኝ፣ እንግሊዝ አገር በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ ነው።

ሄንቲ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1832 በካምብሪጅ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ትራምፒንግተን በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ጤና አልነበረውም። ከአንዱ ሕመም ሲነሣ ሌላው እየጣለው የልጅነት ዘመኑን ትልቅ ክፍል ያሳለፈው በአልጋ ላይ ነው። እኩዮቹ በየሜዳው ሲሯሯጡ እሱ ከትራስ ጋር ተጣብቆ ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ነበር። በኋላ ወደ ለንደን ተልኮ ዌስትሚንስተር ከተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም ግጥም መጻፉ ስለ ታወቀበት ልጆቹ መሳቂያ መሳለቂያ አደረጉት፤ እሱም ራሱን ለመከላከል ቡጢ ተማረ። ሰውነቱ እየጠናና እየፈረጠመ ሄዶ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ በገባ ጊዜ በትግልና በቡጢ የታወቀ ጐረምሳ ሆኖ ነበር። ወደ ፊት በመጽሐፎቹ ውስጥ የሚመላለሱት ጉልበታሞች፣ ወሬ የማያበዙና ከጠብ የማይሸሹ ልጆች ከዚህ የሕይወቱ ክፍል የፈለቁ ይመስላሉ። አልጋ ላይ ተኝቶ ሊሆን የተመኘውን ልጅ በብዕሩ እየደጋገመ ፈጠረው ማለት ይቻላል።

የዩኒቨርስቲ ትምህርቱን ግን አልፈጸመም። የክሪሚያ ጦርነት ሲነሣ ትምህርቱን አቋርጦ በሠራዊቱ የሆስፒታል ስንቅና ዕቃ ክፍል ተቀጠረ፤ ከወንድሙ ከፍሬድሪክ ጋርም ዘመተ። በዚያ ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበርና ወንድሙ በኮሌራ ሞተ። ሄንቲ ራሱም ታምሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ይሁን እንጂ ከጦር ሜዳ ወደ አባቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሕይወቱን የሚለውጡ ሆኑ። ስለ ቁስለኞቹ ሥቃይና ስለ አስተዳደሩ ጉድለት ያየውን ሳይሸሽግ ይጽፍ ስለ ነበር፣ አባቱ ደብዳቤዎቹን ወስዶ ለአንድ የለንደን ጋዜጣ አሳየ፤ ጋዜጣውም አተማቸው።

ከዚያ በኋላ በወታደራዊ አገልግሎት ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በ1858 ትዳር ያዘ፤ አራት ልጆችም ወለደ። ባለቤቱ ለረዥም ጊዜ ታምማ በ1865 ስትሞት ልጆቹን የማሳደጉ ኀላፊነት በእሱ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ስታንዳርድ የተባለው ጋዜጣ የጦር ሜዳ ዘጋቢ አድርጎ ቀጠረው። በቤቱ ባለ ጊዜ ከራት በኋላ ልጆቹን በዙሪያው ሰብስቦ ተረት የማውራት ልማድ ነበረው። ተረቱ በአንድ ማታ የሚያልቅ አልነበረም፤ ከትናንት የቀጠለ፣ ለነገም የሚተርፍ ነበር። በ1868 ከእነዚህ ወጎች አንዱን በጽሑፍ አሰፈረው። በደቡብ አሜሪካ ሜዳ ስለ ሰፈረ አንድ ቤተ ሰብ የሚናገር ታሪክ ሲሆን፣ ልጆቹም ቻርልስ፣ ሁበርት፣ ሞድና ኤቴል ይባላሉ። አራቱም ስሞች የገዛ ልጆቹ ስሞች ናቸው። መጽሐፉ ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ታተመ። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎቹ፣ ይልቁንም አድማጮቹ፣ በራት ገበታ ዙሪያ የተቀመጡት እነዚያ አራት ልጆች ነበሩ።

ይህ ከመሆኑ ቀደም ብሎ ጋዜጣው ወደ ኢትዮጵያ ልኮት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት የላኩት ደብዳቤ መልስ ስለ ተነፈገው ተቈጥተው የእንግሊዙን ቆንስላና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ነበርና፣ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከህንድ አንሥቶ ላከ። 13 ሺህ ያህል ወታደሮች ቀይ ባሕርን ተሻግረው በዙላ ሰፈሩ። ከህንድ 44 ዝሆኖች መጡ፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌም የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ሄንቲ ግን በዚህ ሁሉ ዝግጅት አልተደነቀም። ከዙላ በላካቸው ጽሑፎች ውስጥ በውሃ እጦትና በጠባቂ እጥረት በየሜዳው ስለሚያልቁት የጭነት በቅሎዎች እየደጋገመ ጽፎአል። በክሪሚያ የተማረው ነገር በዚህ ታየ፤ ጦር የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው በጀግንነት ብቻ ሳይሆን በስንቅና በአጋሰስ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ጦሩ በሰንዓፌና በዓዲግራት፣ በላስታና በዋድላ አድርጎ በሽሎ ወንዝ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1868፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ በተደረገው ውጊያ ከኢትዮጵያውያን ወገን በብዙ መቶ የሚቈጠሩ ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት 20 ያህል ብቻ ናቸው። በፋሲካው ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ በራሳቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። ከዚያ ምሽጉ ተዘረፈ፤ ተቃጠለም። የብራና መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ፣ መስቀሎቹና ጽዋዎቹ በዝሆንና በብዙ በቅሎዎች ተጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረቡ። ሄንቲ በጉዞው ሁሉ የጻፈውን አጠናቅሮ «ጉዞ ወደ መቅደላ» በሚል ርእስ በዚያው ዓመት አሳተመ። ይህኛው ለጎልማሶች የተጻፈ መጽሐፍ ነው።

በዚያ ጊዜ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ልጅም ነበር። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ አባቱ ሞተውበት፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ ሞተውበት ወደ እንግሊዝ አገር ተጓዘ። በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ተምሮ በ1879 በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜው ሄንቲ የሚጽፍላቸው ልጆች ዕድሜ ነበር። ልጅ ከቤቱ ተነጥሎ ባሕር ተሻግሮ በባዕድ አገር ሰው መካከል ዕድሉን መሞከሩ ለሄንቲ መጻሕፍት የዘወትር መነሻ ነው፤ በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ግን ልጁ የእንግሊዝ ልጅ ነው፤ በመጨረሻም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሄንቲ በጋዜጠኝነቱ ብዙ አየ። የስዊዝ ቦይ ሲመረቅ በግብፅ ነበር፤ የፓሪስን ኮሚዩን አይቶአል፤ በ1873 እና በ1874 በጄኔራል ዉልስሊ የተመራውን የአሻንቲ ዘመቻ ተከትሎ ምዕራብ አፍሪካ ደርሶአል። በ1876 በቱርክና በሰርቢያ መካከል የተደረገውን ጦርነት ከዘገበ በኋላ ግን ጤናው ስለ ተዳከመ የጦር ሜዳ ኑሮውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለድርሰት አዋለ።

ጊዜው ለእንደዚህ ዐይነት ደራሲ የተመቸ ነበር። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት በየስፍራው እንዲከፈት ስላደረገ፣ ማንበብ የሚችሉ የድኻ ልጆች ቍጥር በየዓመቱ ጨመረ። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚያነቡት ምንድን ነው የሚለው አሳብ ወላጆችንና መምህራንን አስጨነቀ፤ ምክንያቱም በሳንቲም የሚሸጡ የወንበዴና የነፍሰ ገዳይ ታሪኮች በየመንገዱ ሞልተው ነበር። ለእነሱ ምላሽ እንዲሆኑ የወንዶች ልጆች መጽሔቶች ተቋቋሙ። ሄንቲም ከ1880 ጀምሮ ዩኒየን ጃክ የተባለውን የልጆች መጽሔት ጥቂት ዓመታት በአዘጋጅነት መርቶአል።

የመጽሐፎቹ ዋነኛ አሳታሚ ብላኪ የተባለው የግላስጎው ድርጅት ነበር። ሽፋናቸው በወፍራም ጨርቅ የተለበጠ፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈ፣ ፈረሰኛ ወይም ሰይፍ የያዘ ወታደር የተሣለበት ነው። በገና ሰሞን ይወጣሉ፤ ወላጅ ለልጁ ይገዛል፤ ትምህርት ቤትም በትምህርቱ ብልጫ ላሳየ ተማሪ ይሸልማል። ደራሲው በመቅድሙ ልክ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሰው በቀጥታ ወጣቶቹን አንባቢዎች እያነጋገረ፣ ከሚመጣው ታሪክ ውስጥ የትኛው በእውነት የተፈጸመ እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። ታሪኩም መልኩ የታወቀ ነው። ባለ ታሪኩ 15 ወይም 16 ዓመት የሆነው ልጅ ነው፤ ወላጁ ሞቶበታል ወይም ቤተ ሰቡ ተቸግሮአል፤ ከቤት ይወጣል፤ ከአንድ ታላቅ የታሪክ ሁኔታ መካከል ይገባል፤ በድፍረቱና በታማኝነቱ ይመሰገናል። ፍቅር ቢኖር ከመጨረሻው ገጽ አያልፍም። እንዲህ ዐይነቱን ዕቃ ሻጩም፣ ገዢውም፣ አንባቢውም ሳይጠያየቁ ያውቁታል። አንድ የመጽሐፍ ዐይነት ራሱን ችሎ ቆመ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምንም እንኳ ይህን የመሰለ መታወቅ ደራሲውን አንድ ቅርፅ ደጋግሞ እንዲጽፍ ማስገደዱ ባይቀርም።

ሄንቲ ይህን ድግግሞሽ አልፈራውም። አንድ ርእስ ከመረጠ በኋላ ስለ ጉዳዩ የተጻፉ መጻሕፍትን ከቤተ መጻሕፍት አስመጥቶ ይመለከትና፣ ታሪኩን በቃሉ እየተናገረ ጸሐፊው ይጽፍለት ነበር። በዚህ ፍጥነት በዓመት ሦስትና አራት መጽሐፍ ያወጣ ነበርና በሕይወቱ የጻፋቸው ከ100 በላይ ናቸው። ከግብፅ ፈርዖኖች እስከ ናፖሊዮን ያልዳሰሰው ዘመን ጥቂት ነው። ብዙ የእንግሊዝ ልጆች የዓለምን ታሪክ መጀመሪያ የተማሩት ከእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው «ወደ ካርቱም ግሥጋሴ» ነው። መሐመድ አሕመድ የተባለው የሱዳን ሰው በ1881 ማህዲ ነኝ ብሎ በግብፅ አገዛዝ ላይ ተነሣ። የእንግሊዝ መንግሥት የግብፅን ወታደሮች ከዚያ እንዲያስወጣ ጄኔራል ጎርዶንን ላከ። ጎርዶን በፌብሩዋሪ 1884 ካርቱም ገባ፤ ነገር ግን ወዲያው ተከበበ። ሄንቲ በአሻንቲ ዘመቻ የተከተለው ዉልስሊ በዓባይ ወንዝ ላይ በጀልባና በበረሃው በግመል ሊደርስለት ገሠገሠ። የማህዲ ጦር ካርቱምን ጃንዩዋሪ 26 ቀን 1885 ሰብሮ ገብቶ ጎርዶንን ገደለ፤ የእርዳታው መርከቦች ከከተማዪቱ ፊት የደረሱት ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

በሄንቲ መጽሐፍ ውስጥ እንደ ወንድማማች አብረው ካደጉ ሁለት ልጆች አንዱ ስለ ትውልዱ የሰማው ነገር ልቡን ስለ ሰበረው ከቤት ጠፍቶ ወታደር ይሆናል፤ ወደ ሱዳን ይዘምትና በጠላት እጅ ይወድቃል። እዚህ ላይ ደራሲው ከእውነተኛው ታሪክ ጋር ተጋጠመ። ሌላ ጊዜ ባለ ታሪኩ ልጅ የሞከረው ሁሉ ይሳካለታል፤ ካርቱምን ግን ማንም ልጅ ሊያድናት አይችልም፤ ወድቃለችና። ሄንቲም አልዋሸም። ጦሩ ዘገየ፤ ከተማዪቱ ጠፋች፤ የቀረው የሁለቱ ልጆች ጉዳይ ብቻ ነው። ለወጣት አንባቢ ሽንፈትን በሽንፈትነቱ መናገሩ ሊመሰገንበት የሚገባ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ «ከኪችነር ጋር በሱዳን» ይባላል። ካይሮ ውስጥ ዐረብኛ እየተናገረ ያደገ አንድ የእንግሊዝ ልጅ፣ በ1883 ከሂክስ ጦር ጋር ዘምቶ የቀረውን የአባቱን ዕጣ ለማወቅ ከኪችነር ጦር ጋር ይዘምታል። በኦምዱርማን ጦርነትም ላይ ይገኛል። በዚያ ጦርነት፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898፣ ከኸሊፋው ወገን 10 ሺህ ያህል ሰዎች በመትረየስና በመድፍ ሲረግፉ፣ ከኪችነር ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም ነበር። ልጁ አባቱን ይፈልጋል፤ አባቶቻቸውን በዚያ ሜዳ ያጡት የሱዳን ልጆች ግን በመጽሐፉ ውስጥ ታሪክ የላቸውም።

የሄንቲ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። በ1884 በጻፈው የአሻንቲ ጦርነት ታሪክ ውስጥ የጥቁር ሕዝብን አእምሮ ከሕፃን አእምሮ ጋር የሚያስተካክል ንግግር በአንድ ገጸ ባሕርይ አፍ አኑሮአል። ጎልማሳ አንባቢ ይህን ቢያነብ ሊከራከረው ይችላል። የ14 ዓመት ልጅ ግን መጽሐፉን ከመምህሩ እጅ በሽልማት ተቀብሎታልና እንደ ትምህርት ይቈጥረዋል። ለዚህ ዕድሜ የሚጻፍ መጽሐፍ ከሌላው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደ ሆነ ከሄንቲ ሥራ በግልጽ ይታያል።

ኢትዮጵያውያንም የዚያን ዘመን ካርቱምና ኦምዱርማን የሚያስታውሱት በሌላ መንገድ ነው። በ1876 ዓ.ም. በዐድዋ በተፈረመው ውል መሠረት ዐፄ ዮሐንስ ማህዲስቶች የከበቧቸው የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። ዋጋውን የከፈለችው ኢትዮጵያ ናት። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠለ፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ፤ ራሳቸውም ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ።

ሄንቲ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በድርሰትና በሚወዳት መርከቡ ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1902 በዌይማውዝ ወደብ በዚያችው መርከብ ላይ ሳለ ሞተ። ሳይፈጽመው የቀረውን መጽሐፍ ልጁ ቻርልስ ጨርሶት በ1905 ታተመ። ከራት በኋላ ተረቱን ያዳምጡ ከነበሩት አራት ልጆች አንዱ እሱ ነበር።

ሄንቲ በሞተበት ዓመት በካርቱም በጎርዶን ስም የተሠራው ኮሌጅ ተከፈተ። በኋላ የካርቱም ዩኒቨርስቲ የሆነው እሱ ነው። ከሱዳናውያን ወገን ደግሞ ሄንቲ ያልጻፈውን ታሪክ በሕይወቱ ያየ አንድ ሰው ነበር። ባቢከር በድሪ በወጣትነቱ በማህዲ ጦር ውስጥ ሆኖ ካርቱምን ከከበቡት አንዱ ነው። በኋላም ተማርኮ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ተመልሶም የኦምዱርማንን ጦርነት አየ፤ በ1907 ሩፋዓ በምትባል ከተማ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1954 ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩ በዐረብኛ ታትሞአል።

በ1946 ደግሞ የሱዳን የትምህርት መሥሪያ ቤት የኅትመት ክፍል በካርቱም አንድ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ጽሑፉ በዐረብኛ ሆኖ አንባቢዎቹ የአገሩ ተማሪዎች ነበሩ። ስሙ አስ ሲብያን ይባላል፤ ትርጉሙም ወንዶች ልጆች ማለት ነው።